ያልተቋጠሩት ሽቦዎች

ማሽን ሠሪው በግድግዳና በራሱ ማሽን ጠረጴዛ መሃል ተጨፍልቆ ሞተ። በሞተር የሚንቀሳቀሰው ጠረጴዛ ወደ ኋላ ሂድ ሲለው ወደ ፊት መጣበት።

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል። ሟቹ ይኖርበት በነበረው የወርክሾፑ ጥግ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ፣ ጠባብ አልጋ። የራሷን ቤት መሰላት።

የወርክሾፑ ቁልፍ የነበራቸው ሟቹ፣ ሸሪኩና ታናሽ ወንድሙ ናቸው። ፖሊሱ የወንድምየውን እጅ በካቴና አስሯል።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ምን አጨቃጨቃችሁ?» አለችው ወንድምየውን።

«ሸሪኬን አሰናብቼ ካንተ ጋር ልሥራ አለኝ። ሰው አታስቀይም አልኩት።»

ሸሪኩ ጣልቃ ገባ። «እትዬ፣ ይሄ እባብ ነው! ዛሬ ጠዋት ሞተሩን ሲነካካ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የሽቦውን ቀለም እያየ ቀዩንና አረንጓዴውን አቀያየረ። ሁለቱ ጥንድ ናቸው፤ ከተቀያየሩ ሞተሩ በተቃራኒው ነው የሚዞረው።»

«እውነት ነው?»

ወንድምየው አቀረቀረ። እሷም አብራው አቀረቀረች። አንዱ ካልሲው ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ ነው።

መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሞተሮች አየች። የሁሉም ሽቦ ሁለት ሁለት እየሆነ ተቋጥሯል። ሟቹን የገደለው ሞተር ብቻ ቋጠሮ የለውም። ገና ያልተቋጠረ አዲስ ሞተር አምጥታ ለወንድምየው ሰጠችው።

«ጥንዱን ፈልግልኝ።»

ወንድምየው ሽቦዎቹን አላያቸውም። የሁለቱን ጫፍ አነካክቶ ዘንጉን በጣቱ አዞረ። ቀለለው። ሌላ ሞከረ። ከበደው፤ ጥንዱ ተገኘ። ቋጠራቸው።

ፖሊሱንም ሸሪኩንም ጠራቻቸው።

«ይሄ ሰው ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ካልሲውን እዩት። ወንድሙም አይለይም ነበር፤ ለዚህ ነው የሚቋጥሩት። ከሁለቱ አንዱ ቢነካው ኖሮ ቋጠሮው ይኖር ነበር። ቋጠሮውን የፈታው ዓይኑን የሚያምን ሰው ነው።» ወደ ሸሪኩ ዞረች። «ቀለም እያየ ሲገጥም አየሁት ያልከኝ አንተ ነህ። ቁልፍ ያለው ሌላ ማን ቀረ?»

«ስንት ዓመት አብረን ሠርተን... ቀለም እንደማይለይ አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም!» አለ ሸሪኩ። ተቀመጠ።

«ሊያሰናብትህ ስለሆነ ገደልከው?»

«ትናንት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ባዳ አደረገኝ።»

ካቴናው ወደ ሸሪኩ እጅ ተዛወረ። መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች።

«አንተስ ለምን አልተናገርክም? ልትታሰር ነበር እኮ!»

«ከታወቀ ሥራ የሚሰጠን የለም፤ ወንድሜ ለማንም አትንገር ብሎኛል።»

«ሞቷል እኮ።»

«ቃሌ ግን አልሞተም።» ካልሲዎቹን አየ። «ይለያያሉ እንዴ?»

«አዎ።»

«ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። እሱ ብቻ ነበር የማይስቀው። ለሱም አንድ ነበሩ።»

መርማሪዋ ያንን አንድ ወንበር አስጠግታ አጠገቡ ተቀመጠች። ቤቷ የሚጠብቃት ሰው አልነበረም።