ትይዩ

ደሳለች ወደዚያ ክፍል የገባችው በስህተት ነው። ደብረ ታቦር ላይ ዶፍ እየወረደ ነበር። ነጠላዋ ርሶ፣ ዓይኗ ውሃ ሞልቶ በሙያ ማሠልጠኛው በረንዳ ስትሮጥ፣ በተከፈተ በር በኩል ሰሌዳ ላይ በትልቁ የተጻፈ ቃል አየችና «ስፌት» ብላ አነበበችው። የተመዘገበችው ልብስ ስፌት ልትማር ስለነበር እፎይ ብላ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ግን «ስፋት» ነበር።

መምህሩ ርዝመትን በወርድ እያባዛ ብዙ ካስረዳ በኋላ፣ ያልገባው ሰው እንዳለ ጠየቀ። ደሳለች እጇን አወጣች።

«መኪናውን መቼ ነው የምንነካው?»

«የምን መኪና?»

«የስፌት ነዋ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ብቻ አልሳቀም። ተስፋነህ ይባላል፤ ከወላይታ መጥቶ የሕንፃ ንድፍ የሚያስተምር፣ በከተማው አንድም ዘመድ የሌለው ዝምተኛ ሰው ነው። ዞሮ ሰሌዳውን አየና ጥፋቱ የእጅ ጽሑፉ መሆኑን ነገራት፤ ዝናቡ እስኪያባራ እዚሁ ብትቆይ ግድ እንደሌለውም ጨመረላት። ዝናቡ አባራ፤ እሷ አልወጣችም። በማግስቱም እዚያው መጣች። የልብስ ስፌቱ ነገር በዚያው ቀረ።

ደሳለች ኩዌት ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች ልጅ ናት። እዚያ ስላየችው ነገር ለማንም አታወራም፤ ዳግመኛ ላለመሄድ ግን ምላ ነበር። እናቷ እማማ የሺ በደጃቸው ድንችና ሽንኩርት ይቸረችራሉ። አክስቷ አሰለፈች ደግሞ እዚያው ኩዌት ሆና፣ ሌላ ቪዛ ላውጣልሽና ነይ እያለች ትነዘንዛታለች። እናትየውም ቤቱ ጎደሎ ነውና እንቢ በይ ለማለት አቅም አጡ።

ተስፋነህ ተማሪዎቹን እንግሊዝኛ ስለሚከብዳቸው ቃላቱን ሁሉ በአማርኛ ነበር የሚያስተምራቸው። ደሳለች እያንዳንዷን ቃል እንደ ዳዊት ያዘቻት። አናጢው የበሩን ስፋት ሲጠይቃት «ወርዱን በል፤ ስፋት ሌላ ነው» ብላ ታርመዋለች። ሰፈሩ ተሰላቸ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ፍቅር የያዘው ሰው የሚወደውን ሰው ቃል በየመንገዱ ሲያወራ ነው የሚታወቀው።

አንድ ቀን ትይዩ መስመሮችን ሲያስተምር፣ የቱንም ያህል ቢራዘሙ አይገናኙም አለ። ደሳለች ከኋላ «ሲያሳዝኑ!» አለች፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት። ሁሉም ሳቀ። በዚህ ጊዜ ተስፋነህም ሳቀ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ወዲያ ሁለት መስመር ባሰመረ ቁጥር ዓይኑ ወደ ኋላ ወንበር ይሄድ ጀመር።

ለልምምድ ጋፋት ወርደው የገብስ ማሳ ሲለኩ፣ የሜትሩን አንድ ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እሱ ያዘ። ለክተው ሲጨርሱ እሱ ሜትሩን እየጠቀለለ ወደ እሷ መጣ፤ ጫፉን መልቀቅ ነበረባት፣ አልለቀቀችም። አጠገቧ ደርሶ ቆመ። ብዙ ቆዩ። ጉሙ ከጉና ተራራ በኩል ወርዶ ሌሎቹን ተማሪዎች ሸፍኗቸው ነበር።

ቪዛው የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ደሳለች ማሠልጠኛው በር ላይ ጠብቃ ሁሉንም ነገረችው።

«ሰኞ ነው የምሄደው። ቅሪ የሚለኝ ሰው ካለ ግን እቀራለሁ» አለችው።

ከዚህ በላይ ምን ትበል? ሴት ልጅ ናት። ተስፋነህ እሁድ ቤታቸው መጥቶ መልሱን እንደሚነግራት ቃል ገባላት።

እሁድ መጣ። ሰማዩ እንደ ጠቆረ ነው የዋለው። እማማ የሺ መደብ ላይ አስቀምጠውት ከፊቱ አልንቀሳቀስ አሉ፤ ወጣት ወንድ ቤት ገብቶ እናት እንዴት ትነሣ? በእናት ፊት ደግሞ ልጅዎን እወዳታለሁ አይባልም። ተስፋነህ ስለ ዝናቡም ስለ ድንቹም አወራ፤ መጨረሻ ላይ አንገቱን ደፍቶ እንዲህ አለ፦

«እንግዲህ እማማ የሺ፣ ከአሁን ወዲያ እኔና ደሳለች ትይዩ ነን።»

«ይሁን፣ ደግ ነው» አሉ እሳቸው።

ደሳለች ሰሌዳው ላይ የነበሩት ሁለት መስመሮች ታወሷት። እናቷ እንዳይገባቸው፣ እሷ ብቻ እንድትሰማው መርጦ ያመጣው ቃል መሰላት። የማይገናኙ። የቱንም ያህል ቢራዘሙ። ለማልቀስ እንኳን ቦታ አልነበራትም።

«ገብቶኛል» አለች፣ ራሷን ነቅንቃ።

እሱ ፊቱ በርቶ ወጣ። ያንን ብርሃን አላየችውም፤ መሬት መሬቱን ነበር የምታየው። ሰኞ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ስትሳፈር፣ የዚያን መምህር ስም ሁለተኛ እንዳያነሡባት እናቷን አስማለቻቸው።

ሁለት ዓመት አለፈ። ኩዌት ያው ኩዌት ነው፤ ፓስፖርቷ በእመቤቲቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እናቷን የምታገኘው ዓርብ ዓርብ በስልክ ነው። አንድ ዓርብ የእማማ የሺ ድምፅ ፈራ ተባ አለባት።

«ስሙን እንዳላነሣ አስምለሽኝ ነበር። ዛሬ ግን ግድ ሆነብኝ። መምህሩ በጥር ሊያገባ ነው። እናቱ ሞተውበታል። በእናቴ ቦታ ይቀመጡልኝ ብሎ ለመነኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በጉርብትና እንደ ልጅ ነው የሆነልኝ። አንቺን ቅር ካለሽ ግን እተወዋለሁ።»

ደሳለች «የምን ጉርብትና?» አለች።

«ምን ነካሽ? እዚህ ተቀምጦ፣ አንቺው ባለሽበት፣ ትይዩ ነን ብሎ ነግሮን የለ? ፊት ለፊታችን ያለውን ቤት ተከራይቶ! ቅዳሜውን ከአከራዩ ጋር ቤቱን ሲያይ እኔም አይቼዋለሁ። እዚህ አገር ሰው የለውም፣ ቤት ሳይዝ ሽማግሌ አይላክም ብሎ ነው እንጂ፣ ነገሩማ ለማናችን ጠፋን? አንቺ ገብቶኛል ብለሽው በነጋታው ጥለሽው ሄድሽ። ረቡዕ ፍራሹን በጋሪ ጭኖ መጣ፤ መሄድሽን ስነግረው እዚያው ጋሪው ላይ ተቀመጠ።»

ወይ ነዶ! ዕድሜውን ሁሉ በሰሌዳ ቋንቋ ሲያወራ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን እንደ መንደር ሰው ቢያወራ፣ እሷ ደግሞ በዚያች ቀን ተማሪው ሆና ሰማችው።

ደሳለች የኩሽናውን ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች። አንድ ስልክ ብትደውልለት ሠርጉ ይፈርስ ይሆናል። እሷ ግን ከዚህ ቤት መቼ እንደምትወጣ እንኳ አታውቅም። እዚያ ደግሞ ምንም ያላጠፋች አንዲት ልጅ ጥርን እየጠበቀች ነው።

«ልጅቷ ትወደዋለች?» ብላ ጠየቀች።

«ትወደዋለች።»

«እሱስ?»

«አሁን አሁን ይስቃል» አሉ እማማ የሺ።

ደሳለች አፏን በመዳፏ ይዛ ቆየች።

«ሂጂለት፣ እምዬ። ሰው ብቻውን አይዳር።»

እናቷ ከልባቸው ተነፈሱ።

«ተባረኪ ልጄ። እኔማ ለራሴ ልጅ የደገስኩ ያህል ነው ደስ የሚለኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ደሳለች።