የወይዘሪት ሉንድ ነጭ ዓይን

«የሞተ ዓሣ ዜሮ ነው!» ዶሪን ጀልባዎች የሚታሰሩበት የእንጨት መረማመጃ ላይ ቆመው ይጮኻሉ። «የፈለገውን ያህል ይክበድ፣ ሚዛኔ ላይ ሲደርስ ጅራቱን ካልነቀነቀ ዜሮ! ተሸካሚዎች፣ ሰምታችኋል? ከረጢቱን ትቀበላላችሁ፣ ትሮጣላችሁ፣ ታስረክባላችሁ። ወሬ የለም፣ ስልክ የለም፣ አይስክሬም የለም!»

ማሪት ሰምታለች። ከተሰለፉት ልጆች ሁሉ አብልጣ የሰማችው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

«ባስ ግድ የለም፣ ጠንካራ ዓሣ ነው» ቀጠሉ ዶሪን። የከተማዋ የማጥመጃ ሱቅ የእሳቸው ነው፤ የልጆቹንም የዓሣ ማጥመድ ውድድር በየዓመቱ የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ በሕይወት የተመዘነ ዓሣ ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ይለቀቃል። «ዎልአይ ግን ቅምጥል ነው። ይኸው ነሐሴ ነው፣ ወንዙ ሾርባ ሆኗል። ከረጢት ውስጥ ትንሽ ከቆየ አለቀለት።»

ትንሽ ከቆየ። ማሪት ቃሉን እንደ ከረሜላ በአፏ አገላበጠችው። መሳደብ አያስፈልግም፣ መደባደብ አያስፈልግም። ቀስ ብሎ መራመድ ብቻ። የኩፐር ዓሣ እጇ እስኪገባ መጠበቅ ነበረባት፤ መጠበቅ ደግሞ ከሰኔ ጀምሮ ሥራዋ ነበር።

ኩፐርና ማሪት ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ በየክረምቱ አንድ ጀልባ ላይ ነው ያደጉት። ጀልባዋ የአያቷ የኤልመር ናት፤ የሚያጠምዱበት ቦታም የእሳቸው ነው። ሚሲሲፒ ላይ ድሮ የውሃውን ኃይል ወደ መሀል ለመግፋት ተብሎ የተደረደሩ ብዙ የድንጋይ መስመሮች ከውሃ በታች አሉ። አብዛኞቹን ደለል ውጧቸዋል። አንደኛው ግን ጫፉ ላይ ጉድጓድ አለው፤ ውሃው ሲሞቅ ትልልቆቹ ዎልአዮች እዚያ ይተኛሉ። ላይ ላዩን የሚታየው አንዲት የውሃ መጨማደድ ናት፤ እሷን ለማየትም የት መቆም እንዳለብህ ማወቅ አለብህ። ቤተሰቡ «ድንጋዩ» ይለዋል። ሌላ ሰው «ኤልመር፣ ይህን ግዙፍ ከየት አገኘኸው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሽማግሌው ፊታቸውን ሳይለውጡ «ወንዙ ውስጥ» ይላሉ።

ኩፐርን ወደ ድንጋዩ መውሰዱን መጀመሪያ አልወደዱትም ነበር።

«ወንዝ ምስጢር ይጠብቃል፤ ልጅ ግን አፍ አለው» አሏት።

«አባባ ደግሞ! ኩፐር እኮ ነው! በእኔ ይሁንብህ፣ ዋሱ እኔ ነኝ» አለች።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ባለፈው ክረምት የአያቷ ግራ ጎን ከዳቸው፤ ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያ በሚያይ የአረጋውያን ማረፊያ ተኝተዋል። ኩፐር ደግሞ ሰኔ ላይ መጥቶ «ዘንድሮ አልወዳደርም አቦ፤ አባቴ ለላሞቹ ይፈልገኛል» አላት። ያለ አጣማሪ መወዳደር ስለማይቻል ማሪት ለተሸካሚነት ተመዘገበች። ብዙም ሳይቆይ በብስክሌቷ በወንዙ ዳር ስታልፍ፣ ድንጋዩ ላይ አንድ የሚያብለጨልጭ አዲስ ጀልባ ቆሞ አየች። የአጎቱ ልጅ የትሬንት ጀልባ ነው። ኩፐር ከጀልባው ፊት ቆሞ መንጠቆውን ልክ አያቷ እንዳስተማሩት ከጉድጓዱ በላይ ጥሎ፣ ከውሃው ጋር ቀስ እያደረገ ያወርደዋል።

አርብ ማታ በቤተክርስቲያኑ አዳራሽ የተጠበሰ ዓሣ ሲበላ አገኘችው።

«እዚያ ምን ትሠሩ ነበር?»

«የት?»

«የት እንደሆነ ታውቃለህ።»

«ዓይኔን ግንባር ያርገው!» አለ የድንች ጥብሱን እያኘከ። «ስናልፍ ሞተሩ ጠፍቶብን ነው። ምነው፣ ወንዙን ገዛችሁት እንዴ?»

አጠገቡ የተቀመጠው ትሬንት ሳቀ። ማሪት ሳህኗን ይዛ ተነሣች። ከሁሉም የከፋው ለማንም መናገር አለመቻሏ ነው። «ኩፐር የአያቴን ቦታ ሰረቀ» ብትል፣ የከተማው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቃት «የቱን ቦታ?» ብሎ ነው። ሌባውን ለማጋለጥ ንብረቱን ማጋለጥ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። በየእሑዱ ቤተክርስቲያን ገብታ ከሰው ጋር ዘመረች፣ ጸለየችም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ማሪት ክረምቱን ሙሉ ስታስል ከረመች።

አሁን ጀልባዎቹ አንድ በአንድ እየገቡ ነው። መረማመጃው ላይ የረገፉት የወንዝ ዝንቦች ከእግር በታች ይንኮሻኮሻሉ፤ ከዳር የሚጠበሰው አይብና ቋሊማ ይሸታል። የትሬንት ጀልባ ሲጠጋ ማሪት ሌላውን ተሸካሚ በክርኗ ገፋ አድርጋ ቀደመችው። ያ ልጅ ባሶቹን ተቀበለ፤ የዎልአይዋ ከረጢት ለእሷ ደረሰ። ክንዷ በክብደቱ ወደ ታች ወረደ።

«አንቺ ነሽ እንዴ ተሸካሚዋ?» አለ ኩፐር፤ ፊቱ ትንሽ ቀላ። «ማሪት፣ በናትሽ ፍጠኚ። ጭራቅ ናት!»

«እህት፣ ሩጫ ነው እንጂ የሠርግ ሰልፍ አይደለም!» አለ ትሬንት።

«አትስጉ» አለቻቸው።

ጀልባቸውን ለማሰር ዞር እንዳሉ ርምጃዋን ቀነሰች። ጀልባ የሚወርድበት ሲሚንቶ በፀሐይ ግሏል፤ ከረጢቱን እዚያ ላይ አስቀመጠችና ተንበረከከች። የአንድ ጫማዋን ክር ፈታች፣ አሰረች። የሌላውንም ፈታች። የከረጢቱ ላስቲክ ከውስጥ ላብ አወጣ፤ ውስጡ አንዴ በኃይል ተንፈራገጠ፣ ከዚያ በዝግታ፣ ከዚያ ዝም አለ። ማሪት ደስ አላት። ደስታው ጣፈጣት፤ የክረምቱ ሁሉ ንዴት በዚህች ክር ውስጥ የገባ መሰላት። ድርብ ቋጠሮ ቋጠረች።

ከዚያ የከረጢቱን አፍ ከፈት አድርጋ አየች።

ዓሣዋ በጎኗ ተጋድማለች። ወደ ላይ የዞረው ግራ ዓይኗ እንደ ወተት ነጭ ነው። የጅራቷ የላይኛው ጫፍ የተነከሰ ይመስል ጎድሏል።

ወይዘሪት ሉንድ ናት።

ስሙን ያወጡት አያቷ ናቸው፤ በልጅነታቸው በአንድ ዓይኗ ክፍሉን ሁሉ ስታስፈራራ በነበረች የሒሳብ መምህራቸው ስም። በየጊዜው ሲይዟት ከውሃ ከፍ አድርገው ያዩዋትና «ደህና ዋዪ ወይዘሪት ሉንድ፣ የቤት ሥራዬን ሠርቻለሁ» ብለው ይለቋታል። አሁን አልጋ ላይ ሆነው፣ ማሪት እሑድ ስትሄድ፣ በግማሽ አፋቸው የሚጠይቋት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሉንድ?» ይላሉ። ማሪትም ሁልጊዜ «ደህና ናት አባባ» ትላቸዋለች።

ሚዛኑ ቅርብ ነው። አሁን ብታደርሳት ዶሪን «ሞታለች» ይላሉ፣ ኩፐር ዜሮ ያገኛል፣ ወይዘሪት ሉንድም ወደ መጥበሻ ትሄዳለች። ማሪት በራሷ ደነገጠች። ምን እያደረገች እንደነበር ገና አሁን የገባት መሰላት።

ከረጢቱን አቅፋ ከሲሚንቶው ጫፍ ወደ ወንዙ ዘለለች። ውሃው እስከ ጭኗ ደረሰ። ዓሣዋን አወጣቻት፤ አንድ እጇን ከሆዷ ሥር፣ ሌላውን ጅራቷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደሚመጣው ውሃ አዞረችላት።

«ተንፍሺ» አለቻት። «ተንፍሺ፣ በናትሽ፣ ተንፍሺ።»

የምትተነፍስበት ስንጥቧ አንዴ ተከፈተ። ቆየችና ደግማ ተነፈሰች።

«ኧረ! ኧረ ያዟት!» የኩፐር ጩኸት ነበር። «ዓሣዬን ልትለቅብኝ ነው!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ዶሪን ከሚዛኑ ጀርባ ብድግ አሉ። «ማሪት! ምን እየሆንሽ ነው?»

«እየሞተችብኝ ነው! ነፍስ እስክትዘራ ነው!»

ኩፐር ከነጫማው ውሃው ውስጥ ገባ። ማሪት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንድ ርምጃ ከቀረብክ እለቃታለሁ» አለችው፤ እንደተናገረችው ራሱ ሐሳቡ ብልጭ አለላት። መልቀቅ! ሉንድ ትኖራለች፣ ኩፐር ባዶ እጁን ይቀራል። «አሟለጨችኝ» ትላለች፣ ማን ያውቃል? እጅ መክፈት ብቻ ነው የቀራት።

ግን አልበቃትም። ከዚያ በፊት ከአፉ መስማት ፈለገች።

«የት ያዝካት?»

ኩፐር ሰዉን ዞር ብሎ አየና ለመሳቅ ሞከረ። «ወንዙ ውስጥ።»

የአያቷን ቃል። በዚያ አፉ። የማሪት ደም ጆሮዋ ድረስ ወጣ። ከሆዷ ሥር ያለውን እጇን አነሣች፤ ዓሣዋን የያዛት አሁን ጅራቷ ላይ ያለው እጅ ብቻ ነው።

«ማሪት፣ ተይ እንጂ፣ በናትሽ…»

«ለሁሉም ንገር። ጮክ ብለህ። የማን ቦታ እንደሆነ፣ ማን እንዳሳየህ።»

«እሺ! እሺ!» ድምፁ ተሰበረ። «ከአያትሽ ቦታ ነው! እኔ አይደለሁም ያገኘሁት፣ ኤልመር ናቸው ያሳዩኝ! ዋሽቻለሁ፣ እሺ?»

ክረምቱን ሙሉ የጠበቀችው ይህንኑ ነበር። ቀና ብላ የሰዉን ፊት አየች፤ ኩፐርን ሲንቁት ለማየት። ማንም ግን አልናቀውም። መረማመጃው ላይ ያሉት አጥማጆች በሙሉ ጸጥ ብለው ወደ ውሃው አዘንብለዋል። አንዱ ሬዲዮውን ዘጋ። ሲጠሩት የማይሰማው ሽማግሌው ጉስ እንኳ እጁን ከጆሮው ጀርባ አድርጓል።

«ቀጥል የኔ ልጅ፣ አይዞህ» አለ ከመሀል አንድ ድምፅ፣ በጣም በለሰለሰ አንደበት። «የትኛው ቦታ ነው እሱ?»

ኩፐር ግራ ገብቶት ክንዱን ወደ ታችኛው ወንዝ ዘረጋ። «ከዚያ ከ…»

«ዝም በል!» ጮኸች ማሪት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነበር። ኩፐር አፉን እንደከፈተ ቀረ። እሷን አየ፤ ሰዉን አየ፤ የተዘረጋ ክንዱን አየ። ገባው። በዚያ ክረምት ሁለቱ ሳይነጋገሩ የተግባቡት ያኔ ብቻ ነበር። ክንዱን ቀስ ብሎ አወረደ።

«ከ… ወንዙ ውስጥ» አለ ለሰዎቹ።

«ኤጭ!» አለ መረማመጃው በሙሉ።

ማሪት እጇን መልሳ ከሉንድ ሆድ ሥር አስገባች። ልትለቃት አሁንም ትችላለች። ጅራቷ በድንገት በኃይል መታና ውሃውን ፊቷ ላይ ረጨው። ጥርሷን ነክሳ ከረጢቱን አዲስ ውሃ ሞላችው፣ ዓሣዋን ከተተቻት፣ ሮጠች። ሚዛኑ ላይ ወይዘሪት ሉንድ ተንፈራግጣ የዶሪንን መነጽር ጣለችው፤ ሰው አጨበጨበ። ኩፐርና ትሬንት አሸነፉ። የጋዜጣው ሰው ፎቶ ሲያነሣ ማሪት ጎንበስ ብላ የድንጋዩ አቅጣጫ ከጀርባቸው እንደማይታይ አረጋገጠች። የአይብ መጥበሻው ብቻ ነው።

«ለምን ዘገየሽ?» አሉ ዶሪን መነጽራቸውን እየጠረጉ።

«ጫማዬ ተፈትቶ።»

ዶሪን ድርብ ቋጠሮዎቹን አተኩረው አዩአቸው። «እንዳይለምድሽ» አሉ።

«ትልቋን እኔ ልልቀቃት?» አለቻቸው ማሪት። «በራስዎ ጀልባ። እባክዎን።»

ሴትዮዋ ጥቂት አሰቡና የትንሿን ጀልባ ቁልፍ አቀበሏት።

ማሪት ሉንድ ያለችበትን የበረዶ ውሃ ገንዳ እግሯ ሥር አድርጋ በወንዙ ወደ ታች ወረደች። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ የውሃዋን መጨማደድ አየቻት። እዚያ የሉንድ ቤት ነው። ግን ኩፐር ለአጥማጆቹ ባይጠቁምም ለትሬንት ያልነገረው ነገር የለም፤ ነገ ከነገ ወዲያ ሁለቱ ይመለሱባታል። ፍጥነቷን አልቀነሰችም። ከአያቷ ጋር እንኳ ሄዳበት በማታውቀው፣ በደሴቶቹ መሀል በሚገባ ጥላማ ቦይ ገብታ አቆመች።

ዓሣዋን ውሃው ውስጥ ያዘቻት። «ደህና ዋዪ ወይዘሪት ሉንድ» አለች፤ «የቤት ሥራዬን…»

መጨረስ አልቻለችም። ነጯ ዓይን ዝም ብላ ታያት ነበር። ከዚያ እጇ ባዶ ሆነ።

ስትመለስ ኩፐር ዋንጫውን በብብቱ ይዞ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ እንደረጠበ፣ መረማመጃው ጫፍ ላይ ይጠብቃታል። ገመዱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ማሪት ራሷ አሰረችው።

«ይቅርታ እሺ» አለ። «ከልቤ ነው።»

ይቅርታው ገና አንጀቷ አልደረሰም። እንዲደርስም አልቸኮለችም።

«ደህና ናት?» አለ ኩፐር። «የት ለቀቅሻት?»

ማሪት ባዶውን ገንዳ አንሥታ በአጠገቡ አለፈች።

«ወንዙ ውስጥ» አለችው።