ስሙን የጻፍኩት ቅጠል

የኦቦ ወዬሳን መድኃኒት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አልሰረቅሁትም፣ አልደፋሁትም። ስሙን ጻፍኩት፤ በቃ።

ጊዜው 1931 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ ሦስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። እኔ ቤይሩት ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ሳይንስ ተምሬ፣ አባቴ ሲሞት ተመልሼ እዚሁ ቀርቻለሁ። መምህሬ በደብዳቤ መከሩኝ፦ ያለ ክፍያም ቢሆን አንድ የምርምር ቦታ ስድስት ወር ሥሪ፤ ኃላፊው የፈረመበት ጥናት ላኪና መልሰን እንቀበልሻለን።

በነፃ ልሥራ ብሎ መጠየቅ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሦስት በር አንኳኩቼ ተመለስኩ። አራተኛው አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም የሚመራው ላቦራቶሪ ነው። ዶቶሬው የምስክር ወረቀቴን ገልብጦ አየና ጠርሙስ ማጠብ እችል እንደሆነ ጠየቀኝ።

ስወጣ አንድ ረጅም ወጣት ሣር ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምን አሉሽ?»

«ጠርሙስ እጠቢ።»

«ዕድለኛ ነሽ። እኔን ጥንቸል መግብ ነው ያሉኝ፤ ጥንቸሎቹ ደግሞ ይናከሳሉ።»

«እኔ እኮ ያለ ደሞዝ ልሥራ ነው ያልኩት!»

«ያለ ደሞዝማ ሁላችንም እየሠራን ነው። ፈቃድ የጠየቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ስሙ ቡልቻ ነው። አባቱ ኦቦ ወዬሳ ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም በታች የሚኖሩ፣ ቁስል የሚያድኑ መድኃኒተኛ ናቸው። «የፈለግሽው ምርምር ከሆነ ቁስለኛ በእኛ አጥር ሥር ሞልቷል» አለኝ።

ኦቦ ወዬሳ ፈቀዱልኝ፤ ግን በአንድ ነገር ላይ አልተደራደሩም። የመድኃኒቱን ቅጠል ጎህ ሳይቀድ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ፣ ብቻቸውን ነው የሚቆርጡት። ስሙ ከአንድ አባት አፍ ወደ አንድ ልጅ ጆሮ ይተላለፋል፤ ሰው ፊት የተጠራ ዕለት መድኃኒቱ ይሞታል። ለቡልቻ የነገሩት ባለፈው ዓመት ነው።

«ቁስሉን ጻፊ፣ ልጄ። ቅጠሉን ተዪው።»

የዶቶሬውን ጠርሙስ እያጠብኩ፣ በትርፍ ጊዜዬ አራት ወር ጻፍኩ። ቁስሉን በክር እንለካለን፤ አንዱን ጫፍ ቡልቻ ይይዛል፣ ሌላውን እኔ። ከሠላሳ አንድ ሰው ሃያ ሦስቱ ዳኑ። ክሩን ስቀበለው ቡልቻ ጣቱን ለማንሳት ይዘገያል። በሁሉ ነገር የምቸኩለው እኔም እዚያ ላይ አልቸኩልም ነበር።

አንድ ረፋድ ወንዙ ዳር፣ አንድ ቁጥቋጦ አጠገብ ቡልቻ ቆመ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና ስሙን ነገረኝ።

«ለምን ነገርከኝ?»

«ሌላ የምሰጥሽ የለኝም። ለአንቺ ነው ግን፤ ለደብተርሽ አይደለም።»

ያን ዕለት ከሰዓት ጻፍኩት። ስሙ ያልታወቀ ቅጠል አዳነ ብዬ ብልክ ማን ያምነኛል? ሌላውስ ሰው እንዴት ይሞክረዋል? አሁንም እንደዚያው አስባለሁ፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ደብተሩን ዶቶሬው እንዲፈርምልኝ ወሰድኩለት። አልፈረመም፤ አስቀረው። በሳምንቱ እሱ የላካቸው ሁለት አስካሪ ወታደሮች መጥተው፣ ቁስለኛው ሁሉ እየሰማ፣ ቅጠሉን በስሙ ጠርተው አንድ ጆንያ አዘዙ። ኦቦ ወዬሳ ሞሉላቸው። የቀረውን የቅጠሉን ዱቄት ከነማሰሮው ጓሮ ወስደው ቀበሩት።

ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«ይቅር ይበሉኝ ኦቦ። ግን እኮ ቅጠሉ ያው ነው፤ አልተለወጠም።»

«ለአንቺ አልተለወጠም። ሌላ ቅጠል አለኝ። እንደዚያኛው አይፈጥንም፤ ግን ያድናል። እንደምትፈላለጉ አይቻለሁ፣ ዓይን አለኝ። ክፉ ልጅም አይደለሽም። ሚስቱ ከሆንሽ መድኃኒቱን ታዪዋለሽ፤ ከሚስት የሚደበቅ የለም። እንግዲህ በመድኃኔ ዓለም ማይልኝ፤ ላትጽፊው።»

«ካልማልኩስ?»

«ልጄ ካንቺ ጋር ይሂድ። መድኃኒቱ ከእኔ ጋር ይቀበራል።»

ቡልቻ አየኝ። «በይ እንጂ ሰብሌ። አንድ ቃል ናት።»

«እጽፈዋለሁ፣ ቡልቻ። ዛሬ ባልጽፈው የዛሬ ዓመት እጽፈዋለሁ።»

«እንግዲያ ዋሺ» አለ ቀስ ብሎ።

ይህን ያለው አባቱ ፊት ነው። ሽማግሌው እንዳልሰሙ ሆነው መሬት መሬት አዩ። መሐላው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ብምል ሁለቱም ይቅር ይሉኝ ነበር።

«ሌላ ሰው ብትሆን ዋሽቼ አገባህ ነበር።»

ተነሣ። «እሺ፣ አብሬሽ ልሂድ።»

በክፍቱ በር አጥሩ ይታያል። አንዲት ሴት የእግሯን ጨርቅ ፈትታ፣ ተራ የሚደርሳት ይመስል ቁስሏን አውጥታ ተቀምጣለች።

«ከአባትህ በኋላስ እንዲህ ያለውን እግር ማን ያያል?» አልኩት።

ሴትዮዋን አየ፣ እኔን አየ፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ከቀድሞው ይልቅ ወደድኩት፤ ይህን ግን አልነገርኩትም።

ኦቦ ወዬሳን እጅ ነሥቼ ወጣሁ። በሩ መሬት ይጎትታል፤ ሁለት ጊዜ ስቤ ዘጋሁት።