በጥርስ የተቀደደው ጨርቅ

ኅዳር 16 ቀን 1961 ዓ.ም. ማለዳ ወደ ወህኒ ቤቱ ሲጠራ፣ መርማሪው የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበር። በሰባት ቁጥር ክፍል ወለል ላይ አንድ ወጣት እስረኛ ተዘርግቷል። አጠገቡ ግማሹ የተጠጣ የሾርባ ጣሳ፣ ከጣሳው ጎን ደግሞ የተቀደደ የመቋጠሪያ ጨርቅ። ሐኪሙ ጣሳውን አሽትቶ፣ «የአይጥ መርዝ ነው» አለ።

ለወህኒ ቤቱ አዛዥ ነገሩ ያለቀ ነበር። «ሾርባውን ትናንት ያመጣችው እናቱ ናት። እሷም አምናለች። ቃሏን ተቀበልና ፈርም።»

መርማሪው ግን ጨርቁን አነሣ። ቋጠሮው አልተፈታም፤ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ጨርቁ የተቀደደው ከቋጠሮው ሥር፣ በጥርስ ነው። ሰው ቢርበውም የእናቱን ጨርቅ በጥርሱ የሚቀደው መፍታት ሲያቅተው ብቻ ነው ሲል አሰበ።

በር ላይ ጠያቂዎችን የምትፈትሸውን ሴት አስጠራ።

«ሴትዮዋን እንዴት ፈተሽሻቸው?»

«እንደ ሁሉም ነዋ፣ ጋሼ። ጫማ ይወልቃል፣ ጸጉር ይፈታል፣ የቀሚስ ጠርዝ ይዳሰሳል። ዳቦ ከመጣ ይቆረሳል፣ ሳሙና ለሁለት ይሰነጠቃል። ሾርባውን በማንኪያዬ አማሰልኩት፤ እሳቸውም ፊቴ ጠጡ። ያመጣ ሰው ሳይቀምስ አይገባም።»

«ማንኪያሽስ?»

«ያችው አንዷ ናት። ከሳቸው በኋላ ሃያ ጣሳ ገብታለች፤ ማንም ሆዴን አላለም።»

«ጨርቁን ማን መልሶ ቋጠረው?»

«እኔ፣ ላላ አድርጌ። በቀን ሁለት መቶ ቋጠሮ ስፈታ ስቋጥር እውላለሁ፤ ቤት ስገባ የጫማዬን ክር የሚፈታልኝ ባሌ ነው!» ሳቀች። ወዲያው ሬሳው ትዝ አላትና አፏን በእጇ ከደነች።

እናትየው በጠባብ ክፍል አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጣቶቻቸው በቁርጥማት አብጠው ተጣመዋል።

«እናቴ፣ ከፍተሻው በኋላ ጣሳውን የያዘልዎት ሰው ነበር?»

«ማንም። ከእጄ አልወጣም። እኔ ነኝ አልኩ እኮ፤ ምን ታደርቀኛለህ?»

«ልጅዎ ምን አደረገዎት?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ የጭነት መኪና ረዳት፣ በሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። አውራ ጣቱ ደም በነካው ፋሻ ተጠቅልሏል።

«እጅህን ምን ሆንክ?»

«ሸራ ስወጥር ገመድ በላኝ።»

«ትናንት ከእናትህ ጋር ስትገባ ፈትሸውሃል?»

«ቀበቶ፣ ጫማ፣ ካልሲ ሳይቀር! ራቁቴን ሊያስቀሩኝ ምን ቀራቸው?»

«ፋሻውንስ?»

«ደም የነካውን ማን ይነካል፣ ጋሼ?»

መርማሪው ወደ መዝገብ ቤት ወረደ። ሟቹ ሰው በመኪና ገጭቶ በመግደል የታሰረ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ለዳኛው፣ «መሪውን የያዘው ሌላ ነበር፤ ረቡዕ ስሙን እናገራለሁ» ብሎ ጽፏል።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም በፍተሻው ክፍል ሰበሰባቸው።

«ሾርባው እስከዚህ ጠረጴዛ ድረስ ንጹሕ ነበር። እናት ጠጥተውታል፤ ማንኪያውም ሌላውን አልጎዳም። መርዙ የገባው ከዚህ እስረኛ እስከሚጠየቅበት የሽቦ አጥር ባለው ሠላሳ እርምጃ ውስጥ ነው። ጨርቁን እዚያ የፈታ ሰው መልሶ ቋጥሮታል። ይህ የፈታሿ ቋጠሮ አይደለም፤ የእሷ የላላ ነው። የእናትም አይደለም፤ እነዚህ ጣቶች መርፌ እንኳ አይጨብጡም። ሲስቡት የሚጠብቅ፣ ጭነት የሚታሰርበት ቋጠሮ ነው። እናት ጫማቸውን እስኪያጠልቁ ጣሳውን የተቀበላቸው ማን ነው? ረቡዕ ስሙ እንዳይጠራ የፈለገውስ?»



«ፋሻውን ፍታው» አለ መርማሪው።

ረዳቱ ወደ ኋላ ሸሸ። ዘቦቹ ያዙት። ፋሻው ሲተረተር ጭረት እንኳ የሌለው አውራ ጣት ወጣ፤ በውስጠኛው እጥፋት ግራጫ ዱቄት ተጣብቋል። ደሙ የእሱ አልነበረም።

«እናገራለሁ አለኝ» አለ ረዳቱ፣ ማንንም ሳያይ። «ላይናገር ቃል ገብቶልኝ ነበር እኮ።»

እናትየው ከአግዳሚው ተንሸራተው ወለሉ ላይ ወደቁ። «ተው አልኩህ! እኔ ነኝ አልኩህ! አንዱን አፈር ሊበላው ነው፤ ይሄኛውን ብትተውልኝ ምን ነበረበት?»



ዘቦቹ ረዳቱን ይዘውት ወጡ። «እርስዎ ነጻ ነዎት፤ ወደ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ» አላቸው አዛዡ እናትየውን። አልተነሡም። ወደ ፈታሿ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ አዲስ ለገባ እስረኛ መጠየቂያው መቼ ነው?»

ፈታሿ መርማሪውን አየች። መርማሪው ወለሉን ያያል።

«እሑድ ነው፣ እማማ።»

ዘመኑ ርቋል። ከቀኑም ሆነ ከእርምጃው ቁጥር የሳትኩት ቢኖር፣ በዚያ በር ያለፈ አንባቢ ያቃናኝ።