የሽማግሌው ቁጥር

«ደረጃው ርጥብ ነው፣ እንዳትወድቂ» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ።

«የወደቅሁትማ ድሮ ነው።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ሴትዮዋ ባልዲዋን ገፋ ስታደርግ ከጨርቁ ሥር አንድ አዳፕተር ብቅ አለ፤ በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ በሌላው የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ያለው፣ አውራ ጣት የሚያህል ነገር። ድርጭት እጅጌዋ ውስጥ ከተተችው። ድርጭት የምስጢር ስሟ ነው። በዚህ ሕንፃ የሚያውቋት በጥገና ሠራተኛነቷ ነው፤ ከገባች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች።

ምድር ቤት ውስጥ አንድ ምስክር ታስሯል። ዛሬ ከሰዓት ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል፤ ወደዚያ ሄዶ የተመለሰ ሰው የለም። በሮቹን የምታዘው መዳፍ የምታህል፣ በሊኑክስ የምትሠራ ኮምፒውተር ናት። ከውጭ ማንም እንዳይደርስባት ሲሉ የኔትወርክ መሰኪያ ነፍገዋታል። የዩኤስቢውን ቀዳዳ ግን ረስተውታል፤ በእሱ በኩል ከኔትወርክ ከተገናኘች በሮቹን ከውጭ ሆኖ መክፈት ይቻላል።

ኮምፒውተሯ ወዳለችበት መቆጣጠሪያ ክፍል የሚገባው በጥገና ክፍሉ በኩል ነው። ሽማግሌው ባለሙያ ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ተቀምጧል።

«ምሳ አይበላም እንዴ? ኋላ ነፋስ ጠርጎ ሲወስድሽ እኔን እንዳትወቅሽኝ።»

«መጣሁ አባባ። ሦስተኛው በር ይለግማል አሉኝ።»

«ከእኔ ጋር አብሮ ያረጀ በር ነው። ተይው ይለግም።»

ሳቀች።  ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው፤ ስትቀጠር ዋስ የሆናትም እሱ።

መቆጣጠሪያ ክፍሉን ከውስጥ ቆለፈች። አዳፕተሩን ሰካች፤ ከግድግዳው በሚወጣው ገመድ ከሕንፃው ኔትወርክ ጋር አገናኘችው። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወረደ። ኮምፒውተሯ እንግዳውን አወቀችው። ባለፈው እድሳት ጊዜ ድርጭት አዳፕተሩን የሚያስተዋውቃትን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ደብቃ ጭናላት ነበር፤ ያለዚያ የተሰካው ድንጋይ ይሁን አዳፕተር አትለይም።

ቀጥሎ የአዳፕተሩ መለያ ቁጥር ወጣ።

እጇ ቆመ።

እያንዳንዱ አዳፕተር ከፋብሪካ የራሱን ቁጥር ይዞ ይወጣል። የሕንፃው ኔትወርክ የተመዘገበ ቁጥር ካላየ አያስገባም፤ የገባውንም መዝግቦ ያስቀራል። ከውጭ ሆኖ የሚያዛት፣ ደላላው የሚሉት ሰው፣ ከአገልግሎት የወጣ ማሽን ቁጥር አዳፕተሩ ላይ እንቀዳለን ብሏት ነበር። ይህ ግን የሽማግሌው ማሽን ቁጥር ነው።

በጆሮዋ ማዳመጫ አንሾካሾከች። «ቁጥሩ የሽማግሌው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ይገድሉታል።»

«አንቺን አይነኩሽም። ገና ብዙ ሥራ አለሽ።»

«ቃል ገብተህልኝ ነበር።»

«ምስክሩን የሚወስደው መኪና በር ላይ ቆሟል። ቀጥይ።»

አዳፕተሩ ከኔትወርኩ ጋር የሚነጋገርበት መስመር ገና አልተነሣም። ከመነሣቱ በፊት ቁጥሩን መቀየር የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው። በቃሏ የምታውቀው ሌላ የተመዘገበ ቁጥር አንድ ብቻ ነው።

የራሷ።

ጻፈችው። መስመሩን አስነሣች። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ አለች።

«ምን አደረግሽ?» አለ ደላላው።

ማዳመጫውን አውልቃ ኪሷ ከተተች። ከታች በሮቹ ተራ በተራ ሲከፈቱ ተሰማት።

ስትወጣ ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት።

«ፊትሽ ምን ሆነ?»

«አቧራ ነው፣ አባባ።»

«ውጪና ተናፈሺ በይ። እኔ እሸፍንልሻለሁ።»

ልታቅፈው ፈለገች። ብታቅፈው ግን ነገ መርማሪዎቹ ፊት የሚናገረው ይበዛበታል።

አላቀፈችውም።

ምስክሩ ድንበር ተሻገረ። ደላላው ይህን የነገራት በሌላ ከተማ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ፣ ፊቱን ወደ እሷ ሳያዞር ነው።

«ሽማግሌውስ?»

«ለቀቁት። መዝገቡ ላይ ያለው ያንቺ ቁጥር ነው። እሱ ግን አላምንም ብሎ አስቸግሯቸዋል። ቁጥሯን ሰርቀው፣ እሷንም አንድ ነገር አድርገዋታል ባይ ነው።»

«አሁንም?»

«በራቸው ላይ ነው የሚውለው አሉ። ልጄን ፈልጉልኝ እያለ።»

«አንድ ቃል ብቻ ላድርስለት።»

«አይሆንም። ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ደላላው ከሰዉ ጋር ተደባልቆ ጠፋ። አውቶቡሱ መጣ፤ እየተገፋፋች ገባች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት የዋህ ቢጤ ነበረች።

«ለከተማው አዲስ ትመስያለሽ፣ እህቴ። የሚፈልግሽ ዘመድ የለሽም?»

«የለኝም» አለች ድርጭት። አዲሱ የሽፋን ታሪኳ ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነው።