ደረጃው ላይ የሚያፏጨው

ስለ መንፈስና ስለ ዛር ሲወራ ከሚስቁት ነኝ፣ ዛሬም እስቃለሁ፣ ይህን የማወራችሁ አምኜ ሳይሆን በገዛ ጆሮዬ ስለሰማሁት ነው።

ታናሽ ወንድሜ ዮናስ ሲታመም መጀመሪያ መናገር አቆመ፣ ከዚያ መብላት፣ በመጨረሻ ገርጂ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። መድኃኒት ቀያየርን፣ ጠበል አመላለስነው፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሐኪሙ ከባድ ድባቴ ነው፣ የቀረን በማደንዘዣ አስተኝተን ጭንቅላቱን ለአፍታ በኤሌክትሪክ ማከም ነው፣ አንዳንድ ትዝታ ሊጠፋበት ይችላል አሉን። አክስቴ እትዬ ዘውዴ ልጁን እንደ አምፖል ልታበሩት ነው ወይ ብለው ተቆጡ፣ እማዬ አለቀሰች፣ እኔ ግን ራሱን ዮናስን ጠየቅሁት፣ በእሺታ ራሱን ነቀነቀልኝ፣ ፈረምኩ። ፍረዱብኝ ከፈለጋችሁ፣ ዛሬም ቢሆን እፈርማለሁ።

ዮናስ ጤነኛ እያለ ከሥራ ሲመለስ ደረጃውን የሚወጣው እያፏጨ ነበር፣ ዜማው የራሱ ነው፣ መጨረሻው ላይ ስብር ይላል። የመጀመሪያው ቀን ወደ ሕክምና ክፍሉ አስገብተውት ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ያንን ፉጨት ሰማሁ፣ እመኑኝ፣ ከክፍሉ ሳይሆን ከደረጃው፣ ወደ ታች እየወረደ። ተከትዬው ወረድኩ፣ ማንም የለም። በር ላይ ያሉት ጥበቃ ግን «አሁን እያፏጨ የወጣው የናንተ ሰው ነው?» አሉኝ። መልኩን ብጠይቃቸው ድምፁን ሰምተው ቀና ሲሉ ማንንም እንዳላዩ ነገሩኝ። ስመለስ ነርሷ ዮናስ ገና ከማደንዘዣው እንዳልነቃ ነገረችኝ።

ሕክምናው ሲደጋገም ወንድሜ ተመለሰልኝ። ጢሙን ተላጨ፣ ሽሮ አምጡልኝ አለ፣ እማዬን አቅፎ ሳቀ። አንድ ቀን እስቲ አፏጭልኝ ስለው ማፏጨት አልችልም አለኝ፣ ሞከረ፣ አየር ብቻ ወጣ። ትዝታ እንደሚጠፋ ሐኪሙ ነግረውኛል፣ ከንፈርም ይረሳ እንደሆነ ግን አልጠየቅኳቸውም።

እትዬ ዘውዴ ይህን ሲሰሙ ነፍሱን አስወጥታችሁ ቀፎውን አመጣችሁት አሉ።

«ቀፎው ምሳውን በልቶ እየሳቀ ነው እትዬ» አልኳቸው፣ «ያኛው ግን ሊሞትብኝ ነበር።»

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ዝናብ እየጣለ ሁለታችን ኳስ እናያለን፣ ፉጨቱ ከታች ተነሣ። ፎቅ በፎቅ እየቀረበ መጣና በራችን ጋ ሲደርስ ስብር ብሎ ቆመ፣ ከዚያ በሩ በስሱ ተዳሰሰ፣ እጀታውን በጨለማ እንደሚፈልግ ሰው፣ ገና ቀን ነው እኮ። ልነሳ ስል ዮናስ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ «አትክፈቺለት» አለኝ።

«ማነው?»

«እኔም መጀመሪያ በር ላይ ስሰማው አዝኜለት ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ሄጄ ቁልፉን ደግሜ አዞርኩት፣ ወንበር ጎትቼ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

«እዚህ ቤት ዮናስ አንድ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «እሱም ገብቷል።»

መዳሰሱ ቆመ፣ ኳሱም አለቀ፣ ዝናቡም አባራ፣ ፉጨቱም እስካሁን አልተደገመም፤ ደረጃውን ሲወርድ ግን ሁለታችንም አልሰማንም።