ከሸንተረሩ ማዶ የመጣው አሜን

ነህምያ ከገደል ሥር ሞቶ በተገኘ በዘጠነኛው ቀን እኅቱ ሚሪያም ዙሪክ አጠገብ ካለችው ዲቤንዶርፍ፣ ጄኔቭ ለምትኖረው ሸዋረጋ ስልክ ደወለች።

«እትዬ ሸዋረጋ፣ ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ ይላሉ።»

«ማነው የሚለው?»

«ፊት ለፊት ማንም። ግን የመገናኛ ሬዲዮዎቹን የገዛሁት እኔ ነኝ። ርካሽ ስለሆኑ ሲጣራ አላሰሙም ተባለ። ልቅሶ የሚመጣው ሰው ሁሉ ጥግ ላይ ያለውን ካርቶን አይቶ ነው የሚሄደው።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

 «ገድዬው እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለች ሚሪያም።

ሸዋረጋ ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ሳለች የፖሊስ መርማሪ ነበረች። ጄኔቭ ከገባች በኋላ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የሬዲዮ ክፍል ተቀምጣ፣ በረሃ ለበረሃ የሚጓዙ መኪኖችን ድምፅ ሃያ ሁለት ዓመት ስትከታተል ኖራ ጡረታ ወጣች። ዙሪክ ግን አትሄድም። የቀድሞ ባሏ ከአዲሷ ሚስቱ ጋር የሚኖረው እዚያ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከተማዋን አልረገጠችም። በማግስቱ ጠዋት ግን ከሠፈሯ ከለ ሊኞን በአውቶቡስ ወደ ጣቢያው ወረደች፣ ባቡር ተሳፈረች፣ ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜም በመስኮቱ ወደ ውጭ አላየችም።

ሚሪያም አራቱን የእጅ ሬዲዮዎች ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። የጥቅምቱ የቤተ ክርስቲያን ጉዞ የሚደረግበት ተራራ ላይ ስልክ ስለማይሠራ ነው የገዛቻቸው። አንደኛውን ሽማግሌው ጋሽ አየነው ከፊት ይዘውታል። ሁለተኛውን ኤሊ ከኋላ፣ ዳገት የከበዳቸውን ልጆች እየነዳች ይዛለች። ሦስተኛው ጉልበቴን አመመኝ ብሎ መኪና ማቆሚያው ጋ የቀረው የኤሊ ባል የሉቃስ ነው። አራተኛውን ነህምያ ይዞ መንገዱን ሊያይ ብቻውን ቀደመ። ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ከገደሉ ሥር አገኙት። ፖሊስ አዳልጦት ነው ብሎ ፋይሉን ዘጋ።

«ከዚያ ወዲህ የነካቸው አለ?»

«የለም። የነህምያን ፖሊስ መለሰልኝ። የቀሩትን ያን ዕለት ሰብስቤ በከረጢት አስሬ አስቀመጥኳቸው።»

ሸዋረጋ አንድ በአንድ አበራቻቸው። የአየነውና የኤሊ ሦስተኛው ቻናል ላይ ናቸው፤ ሁሉም እንዲሆኑ የተስማሙበት ቻናል። የነህምያ አምስተኛው ላይ ነው፣ ኮድ ሃያ ሁለት። የሉቃስም አምስተኛው ላይ ነው፤ ኮዱ ግን ዜሮ።

«ባትሪያቸው ሙሉ ነው» አለች ሸዋረጋ። ሌላ አልጨመረችም።

የነሚሪያም ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አልትሽቴተን በሚባል የዙሪክ ሠፈር ከአንድ የጎማ መጋዘን በላይ ያለ አዳራሽ ተከራይታለች። ጋሽ አየነው ወንበር እያጠፉ ነበር።

«እርስዎ እንኳ ኦርቶዶክስ ነዎት» አሉ።

«ሬዲዮ ሃይማኖት የለውም። ነህምያን ይወዱት ነበር?»

ሽማግሌው አላመነቱም። «አሥራ አንድ ዓመት ጉዞውን የመራሁት በፊሽካ ነው። እሱ ሬዲዮ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ብቅ ሲል ልጆቹ ሁሉ ተከተሉት። ቀናሁ። ንስሐ ገብቻለሁ።»

«መቼ?»

«ከሞተ በኋላ።»

ሸዋረጋ ይህን መልስ ወደደችው። ሰው ለመዋሸት ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ ይመርጣል።

«ስድስት ሰዓት ላይ በሬዲዮ ጸለዩ አሉኝ።»

«ልማዳችን ነው። የተበተነ መንጋ ቀትር ላይ ይሰበሰባል። እጸልያለሁ፣ ስም እጠራለሁ፣ የተጠራው አሜን ይላል። ያላለ ካለ ዝም ብዬ አላልፈውም። ያን ዕለት ኤሊ አለች፣ ሉቃስ ከመኪና ማቆሚያው አለ። ነህምያን ሦስቴ ጠራሁት።»

«የሉቃስ አሜን እንዴት ተሰማ?»

«አጠገቤ የቆመ ያህል ነዋ። እኛ መስኩ ላይ፣ እሱ ከሸንተረሩ ማዶ። ካርቶኑ አሥር ኪሎ ሜትር ይላል፤ ይህ ሁለትም አይሞላ።»

«ከዚያ በኋላስ አናገራችሁት?»

«ነህምያ ወደ መኪናው ወርዶ እንደሆነ ልንጠይቀው ደጋግመን ጠራነው። አልመለሰም።»

«ለጸሎት የሠራ ሬዲዮ ለጥያቄ እምቢ አለ?»

ጋሽ አየነው የመጨረሻውን ወንበር አጠፉ። «እግዚአብሔር ለጸሎት መንገድ ይከፍታል» አሉ፤ ግን ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልጸናም።

ሉቃስን እዚያው አልትሽቴተን፣ በሚሠራበት የዕቃ ማከፋፈያ አገኘችው። ከጭነት መኪናው ኋላ ዘሎ ወርዶ እጇን ጨበጠ።

«ጉልበትህ ተሻለህ?»

«ተመስገን።»

«ነህምያ እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ሁሉም ይወደው ነበር።»

«አንተን ነው የጠየቅኩህ።»

ሉቃስ ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። «እሱ ሲናገር ሴቶቹ ይስቃሉ። እኔ ስናገር ሰዓታቸውን ያያሉ። ይኸው ነው።»

ኤሊ የምትሠራው በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ዕረፍት ወጥታ ከግቢው አጥር ሥር ቆማ አናገረቻት።

«አምስተኛው ቻናል ላይ ከነህምያ ጋር ምን ታወሩ ነበር?» ስትል ሸዋረጋ በግምት ጠየቀች።

የኤሊ ፊት ተለዋወጠ። «ኮድ አድርገንበታል። ማንም አይሰማንም።»

«ልጄ፣ ኮድ የሚዘጋው ያንቺን ጆሮ እንጂ የሰውን ጆሮ አይደለም። አንቺ ሌላውን እንዳትሰሚ ያደርግሻል። ኮዱን ዜሮ አድርጎ እዚያው ቻናል ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ቃል በቃል ይሰማሻል።»

ኤሊ አጥሩን ተደገፈች። «እርስዎ እንደሚያስቡት አይደለም።»

«ምን እንደማስብ አልነገርኩሽም።»

«ለሉቃስ ብቻ አይንገሩት» አለችና ወደ ሥራዋ ሮጠች።

ሸዋረጋ ማታ በሚሪያም ሶፋ ላይ ተኝታ አንድ የቆየ ነገር አሰበች። ባሏ ከመሄዱ በፊት በተዘጋ በር በኩል ከዚያች ሴት ጋር በስልክ ሲያወራ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታዳምጥ ነበር። ያለውን አንድም ቃል አታስታውስም። የሳቀውን ግን እስካሁን ትሰማዋለች። ቅናት የያዘው ሰው ቃል አይሰማም፤ ሳቅ ነው የሚሰማው።

ቅዳሜ ዕለት ለመታሰቢያ ጸሎት ተብሎ ሁሉም ተራራው ላይ ተሰበሰቡ። መስኩ ላይ አየነው፣ ሚሪያም፣ ኤሊና ሉቃስ ቆመዋል። ከፊታቸው፣ ቁልቁል፣ ገደሉ አለ፤ ከኋላቸው ሸንተረሩ። መዘምራን የሚመራው ዕዝራ የሉቃስን ሬዲዮ ሦስተኛው ቻናል ላይ አድርጎ መኪና ማቆሚያው ጋ ቀርቷል። ሸዋረጋ አስቀድማ የጻፈችላቸው ሁለት የአውራጃው ፖሊሶችም አብረውት አሉ።

«ጋሽ አየነው፣ ስድስት ሰዓት ሆኗል።»

ሽማግሌው ጸለዩና የዕዝራን ስም ጠሩ። ከሬዲዮው ምንም አልመጣም። ደግመው ጠሩ። ምንም።

«ዕዝራ በየደቂቃው አሜን እያለ ወደ ላይ እንዲወጣ ነግሬዋለሁ» አለች ሸዋረጋ። «እንጠብቅ።»

ሃያ ደቂቃ ጠበቁ። ሉቃስ ሣር ይነቅል ነበር። ድንገት ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና የዕዝራ ድምፅ እያለከለከ ወጣ፤ «አሜን። አሁን ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ነኝ፣ ትታዩኛላችሁ።»

«ይህ ሬዲዮ እንደ ዓይን ነው» አለች ሸዋረጋ። «ተራራ ሲጋርደው ይታወራል። ካርቶኑ ላይ ያለው አሥር ኪሎ ሜትር ለሜዳ ነው። እኔ በዚህ ሥራ አርጅቻለሁ፤ እናንተ ግን ካርቶኑን አመናችሁ። ሉቃስም አመነ። ስለዚህ ጋሽ አየነው ስሙን ሲጠሩ አሜን ቢል መኪናው ጋ እንደነበረ ምስክር የሚሆንለት መሰለው። ዝም ቢል ግን እርስዎ ዝም ብለው አያልፉትም።»

«የዚያን ዕለት አየሩ ሌላ ነበር» አለ ሉቃስ።

«አየሩ ሌላ ከነበረ ከዚያ በኋላ ሲጠሩህ ለምን አልመለስክም? ልንገርህ። ሦስተኛው ቻናል ላይ አልነበርክም። ሬዲዮህን ለሚሪያም ስትመልስ አምስተኛው ላይ ነበር፣ ኮዱ ዜሮ። ያን ቻናል የሚያውቁት ነህምያና ኤሊ ብቻ ነበሩ። ከመኪናው ሆነህ ልትሰማቸው አትችልም። ተከትለሃቸው ሸንተረሩን ተሻግረሃል፤ ቻናሎቹን እያቀያየርክ አግኝተሃቸዋል፤ ስትሰማቸው ቆይተሃል። ነህምያ ገደሉ አፋፍ ላይ መሆኑን የነገረህ ራሱ ነው፤ ለሷ ሲናገር።»

«አሜን ለማለት ወደ ሦስተኛው ሄድክ፣ ከዚያ ተመለስክ» ስትል ቀጠለች። «እኔን ያስቸገረኝ ይህ ነው። ሰውየው ከወደቀ በኋላ እዚያ ቻናል ላይ ምን ትሠራ ነበር?»

 ጋሽ አየነው ሬዲዮውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀሩ።

«ይጣራ እንደሆነ ስታዳምጥ ነበር» አለች ሸዋረጋ።

ሉቃስ የነቀለውን ሣር ጣለ። ወደ ሸዋረጋ ሳይሆን ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ከኔ ጋር እንደዚያ ስቀሽ ታውቂያለሽ?»

«የዜግነት ቃለ መጠይቅ ነበር የሚያለማምደኝ» አለች ኤሊ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «የሠፈራችን ቆሻሻ የሚነሣው በምን ቀን ነው ብሎ በጀርመንኛ ጠየቀኝ፤ ሳትኩ፤ ሳቅን። ላንተ ያልነገርኩህ አምና ቃለ መጠይቁን ወድቀህ ስለነበር ነው። እኔ አልፌ አንተ ብትቀር ቤቱ እንደማይበቃን አውቃለሁ።»

 ሸዋረጋ እንደገመተችው ሳይሆን የሉቃስ ፊት ይብሱን ጠቆረ።

«ታዲያ ለምን ስምሽን ጠራ?» አለ።

«ምን አልክ?» አለች ሚሪያም።

«ስገፋው ወዲያው አልሞተም። ሁለት ጊዜ ተጣራ። ‹ኤሊ፣ እግሬ ተሰብሯል› አለ። ‹ኤሊ፣ ትሰሚኛለሽ?› አለ። እኅቱን አልጠራም። ሽማግሌውን አልጠራም። የኔን ሚስት ጠራ።»

«በዚያ ቻናል ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኛ» አለች ኤሊ። «ማንን ይጥራ? ደግሞ እኔ ለጸሎቱ ብዬ ወደ ሦስተኛው ወጥቼ ነበር።»

ፖሊሶቹ ሸንተረሩን ተሻግረው ሲወርዱ ታዩ። ሉቃስ አልሸሸም፤ ሊቀበላቸው ሄደ፤ ዳገቱንም ያለ ምንም ችግር ወጣው። ጋሽ አየነው ሊከተሉት ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ።

«ሬዲዮው ሠርቷል ማለት ነው» አለች ሚሪያም።

«ሠርቷል። የሰማ ሰው ነው የከዳው።»

ሚሪያም ራሷን ነቀነቀች። የጠየቀችውን አገኘች። ሸዋረጋ ታለቅሳለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ ሚሪያም ግን ዓይኗን ኤሊ ላይ ተክላ፣ የወንድሟ የመጨረሻ ቃል የሌላ ሴት ስም መሆኑን እያሰበች ከላይ እስከ ታች ትለካት ጀመር። ሸዋረጋ ያን የቅናት አስተያየት ከራሷ መስታወት ታውቀዋለች። ፊቷን አዞረችና ኤሊን እጇን ይዛ በሌላው መንገድ ወደ ታች ወሰደቻት።